ለእንጦጦ ዳገት የሚሆን ጎማ፤ ከጥርሱ በፊት የሚነበበው

ቤት የሚገዛ ሰው ካርታውን፣ መኪና የሚገዛ ሰው ሊብሬውን ሳይመረምር ገንዘቡን አይከፍልም። ጎማ የሚገዛ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ጥርሱንና ዋጋውን። ጥርሱ ጠለቅ፣ ዋጋው ዝቅ ያለ እንደሆነ ግዢው ያልቃል። ዕቃው ምን ያህል እንደሚሸከም፣ በምን ፍጥነት እንዲሄድ እንደተፈቀደለትና መቼ እንደተሠራ የሚናገረው በጎማው ጎን የተቀረጸ ጽሑፍ ግን ሳይነበብ ይታለፋል።

ይህ ልማድ በተለይ ባለ ፎር ዊል መኪና ላላቸው ሰዎች ውድ ዋጋ ያስከፍላል። በአዲስ አበባ ያለ አንድ ፒክአፕ ወይም ስቴሽን ዋገን ሰኞ ከመገናኛ ወደ ሥራ ይነዳል፤ ቅዳሜ ደግሞ ወደ እንጦጦ ዳገት ወይም በካራ በኩል ወደ ሰሜን ሸዋ ገጠር ይወጣል። ለሁለቱም ያለው አንድ ጎማ ነው። ቱሪስት የሚያመላልሱ ድርጅቶች፣ ሥራ ተቋራጮችና ቅዳሜና እሑድን ከከተማ ውጭ ማሳለፍ የሚወዱ ባለሀብቶች ሁሉ የሚጋሩት ጥያቄ «ሁለቱንም የሚችል የትኛው ነው?» የሚል ነው።

ጥያቄው ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ክብደት አግኝቷል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲወሰን፣ በእጅ ያለው መኪና ረዘም ላለ ጊዜ እንዲያገለግል ግድ ሆነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም 1 የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። አገር ውስጥ በመጀመሪያ አዲስ ጎማ፣ ኋላ ማታዶር አዲስ፣ ከዚያም ሆራይዘን አዲስ በሚል ስም የሚታወቀው ፋብሪካ ቢኖርም፣ ለፎር ዊል መኪኖች የሚፈለገው ጎማ በአብዛኛው የሚመጣው ከውጭ ነው። ስለዚህ ዛሬ በስሕተት የተገዛ ጎማ በቀላሉ የሚተካ ዕቃ አይደለም።

ድጥና ማጥ

የጎማ ምርጫ የሚጀምረው ከሱቅ ሳይሆን ከመሬቱ ነው። የእንጦጦ ተራራ አዲስ አበባን ከሰሜን በኩል ያጥራታል። መሀል ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ የእንጦጦ ከፍተኛው ጫፍ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። የካ ክፍለ ከተማ የተራራውን ግርጌ ይዞ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋ ነው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ያለው ዳገት፣ ወደ ዋሻ ሚካኤል ውቅር ቤተ ክርስቲያን የሚያወጣው የየካ ኮረብታ መንገድ፣ በባሕር ዛፉ መካከል የሚያልፉት የአፈር መንገዶች የአካባቢው መፈተኛዎች ናቸው። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ጥሩ መንገድ አለው፤ ከፓርኩ ውጭ ያለው ግን ሌላ ነው።

በዳገቱ ላይ የሚበዛው ቀይ አፈር ነው። በበጋ እንደ ጡብ ይጠነክርና ላዩ አቧራ ይሆናል። በክረምት ደግሞ ላዩ ላይ ስስ ጭቃ ይጋገራል፤ ከሥሩ ያለው መሬት ግን ጠንካራ ነው። ይህ ድጥ ነው። በድጥ ላይ የሚያስፈልገው ስሱን ጭቃ ቆርጦ ከታች ካለው ጠንካራ መሬት ጋር የሚገናኝ ሹል ጠርዝና ብዙ ቀጫጭን ስንጥቅ ያለው ጥርስ ነው።

ከተራራው ወርዶ በካራ ወደ ሰንዳፋ ሜዳ ሲወጣ አፈሩ ይለወጣል። ጥቁሩ መረሬ ወይም ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በክረምት እስከ ቸርኬ ይውጣል። ይህ ማጥ ነው። እዚህ ከሥር የሚደረስበት ጠንካራ መሬት በቅርብ የለም። ጭቃው ተጣባቂ በመሆኑ የጎማውን ጥርስ ይደፍነዋል፤ ጥርሱ የተደፈነ ጎማ ደግሞ ምንም ያህል ውድ ቢሆን ከሊሾ ጎማ አይሻልም። እዚህ የሚያስፈልገው በጥርሶቹ መካከል ሰፊ ክፍተት ያለው፣ ሲሽከረከር ጭቃውን የሚተፋ ጎማ ነው።

«ከድጡ ወደ ማጡ» የሚለው አባባል ለጎማ ገዢ የቴክኒክ መግለጫ ይሆናል ማለት ነው። ሁለቱ መሬቶች የሚፈልጉት ጎማ የተለያየ ነው። ሦስተኛው መሬት ኮረኮንች ነው። በዳገቱ ላይ የሚገኘው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲሰበር ስለት ያለው ጠርዝ ስለሚያወጣ፣ ጥርሱን ሳይሆን የጎማውን ጎን ይቆርጣል።

አራተኛው አስፋልቱ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋውም ይኸንኑ ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ሰው እዚያ ደርሶ ወደ ገጠር 20 ኪሎ ሜትር የአፈር መንገድ ቢገባ፣ ደርሶ መልሱ 300 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከዚህ ውስጥ አፈር የነካው 40 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ከ7 እጅ 1 እጅ አይሞላም። የሳምንቱ የከተማ መንገድ ሲጨመርበት ድርሻው ከዚህም ያንሳል። ጎማው የሚያልቀው በአስፋልት ላይ ነው።

ሦስቱ ዓይነቶች

በገበያው ለፎር ዊል የሚቀርቡት ጎማዎች በሦስት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው «ኤች/ቲ» የሚል ምልክት ያለው የአስፋልት ጎማ ነው። ጥርሱ የተቀራረበ፣ ድምፁ ዝቅተኛ፣ የነዳጅ ፍጆታው ቆጣቢ ነው። በእርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ቶሎ ያቆማል። በደረቅ የአፈር መንገድ ላይ ምንም አይልም፤ በቀይ አፈር ድጥ ላይ ግን ይንሸራተታል፤ ጎኑም ለስለታም ድንጋይ ስስ ነው።

ሁለተኛው «ኤ/ቲ» ይባላል፤ ለሁሉም መሬት የታሰበ ነው። በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ሰፋ ያለ፣ ጠርዙ ሻካራ ነው፤ በጥርሶቹ ላይ ያሉት ቀጫጭን ስንጥቆች ደግሞ በእርጥብ አስፋልትና በድጥ ላይ እንዲቆነጥጥ ያደርጉታል። ከአስፋልት ጎማ ይልቅ ትንሽ ይጮኻል፣ ትንሽ ነዳጅ ይጨምራል። ማጡን ሙሉ በሙሉ አይችልም።

ሦስተኛው «ኤም/ቲ» የጭቃ ጎማ ነው። ትላልቅ ጥርሶችና ሰፋፊ ክፍተቶች አሉት፤ ጎኑም ብዙውን ጊዜ ወፍራም ነው። ማጥ ውስጥና በድንጋያማ መንገድ የሚተካከለው የለም። በአስፋልት ላይ ግን ከመሬት ጋር የሚገናኘው ላስቲክ አነስተኛ ስለሆነ በእርጥብ መንገድ ለማቆም ረዘም ያለ ርቀት ይፈልጋል፣ ይጮኻል፣ ቶሎ ያልቃል። መልኩ ግን ያምራል። የሚሸጠውም አንዳንዴ ከሥራው ይልቅ በመልኩ ነው።

ሚዛኑ እንግዲህ ግልጽ ነው። ሥራው በዓመት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በአስፋልት፣ ቀሪውን በቀይ አፈርና በኮረኮንች ለሆነ መኪና የሚስማማው ኤ/ቲ ነው። የጭቃ ጎማ የሚገባው ክረምት ከበጋ በመረሬ መሬት ላይ ለሚውል የፕሮጀክት መኪና ነው። ከከተማ ለማይወጣ መኪና ደግሞ ኤች/ቲ ይበቃል፤ ኤ/ቲ መግዛት ለማይጠቀሙበት አገልግሎት መክፈል ነው።

አንድ ምልክት ገዢዎችን ያደናግራል። በብዙ ጎማዎች ጎን «ኤም ፕላስ ኤስ» ተብሎ ይጻፋል። ትርጉሙ «ጭቃና በረዶ» ቢሆንም አምራቹ በጥርሱ ቅርጽ ላይ ተመሥርቶ በራሱ የሚሰጠው መግለጫ ነው፤ ጎማው የጭቃ ጎማ ነው ማለት አይደለም። ሦስት ጫፍ ያለው ተራራና የበረዶ ቅንጣት ያለበት ሥዕል ደግሞ በበረዶ ላይ ለተደረገ ፈተና የሚሰጥ ነው። ለየካ ነዋሪ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፈልበት ነገር አይደለም።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

በሃይሉክስና በፕራዶ ላይ በብዛት የሚታየውን «265/65 አር 17 112 ኤስ» የሚል ጽሑፍ ለምሳሌ እንውሰድ። 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ 65 በመቶ መሆኑን ይገልጻል። «አር» የራዲያል አሠራር ምልክት ነው፤ በቦታው ሰረዝ ብቻ ካለ፣ እንደ 7.50-16፣ ጎማው የቀድሞው ዓይነት ተሻጋሪ ክር ያለው ነው። 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ሁለት ምልክቶች ለባለሀብት ከሁሉ ይበልጣሉ። 112 የጭነት መለያ ቁጥር ነው፤ አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ግራም እንዲሸከም ተፈቅዶለታል ማለት ነው። 115 ከሆነ 1,215፣ 121 ከሆነ 1,450 ኪሎ ግራም ነው። «ኤስ» የፍጥነት ጣሪያ ሲሆን በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ነው፤ «አር» 170፣ «ኪው» 160 ነው። ብዙ የጭቃ ጎማዎች «ኪው» የሚል ምልክት አላቸው።

የጭነት ቁጥሩ የሚመረጠው በባዶ መኪና አይደለም። ፒክአፕ ዕቃ ሲጫን ሸክሙ በአብዛኛው የሚያርፈው በኋላ እግሮቹ ላይ ነው። በዚያ ላይ በጣሪያ ላይ የታሰረ ድንኳን፣ ውኃ፣ ጀሪካን ነዳጅና አምስት ሰው ሲጨመር ሸክሙ በፍጥነት ያድጋል። ደንቡ ቀላል ነው፤ ከመኪናው ጋር ከመጣው ጎማ የጭነት ቁጥር በታች መግዛት ፈጽሞ አይገባም፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ።

«ኤል ቲ» ወይም «ሲ» የሚል ምልክት ያለበት ጎማ ለቀላል ጭነት መኪና የተሠራ፣ ጎኑ የጠነከረ ነው። ነጋዴው «ባለ 8 ፕላይ»፣ «ባለ 10 ፕላይ» የሚለውም ይኸንኑ ጥንካሬ ነው፤ ቁጥሩ ዛሬ የጥንካሬ ደረጃ እንጂ በውስጡ ያሉት ንብርቦች ብዛት አይደለም። ለኮረኮንች ይህ ጎማ ጥሩ ነው። ሆኖም በአንድ ልኬት ያለ የኤል ቲ ጎማ ያንኑ ሸክም ለመሸከም ከቀላሉ ጎማ የበለጠ ንፋስ ይፈልጋል። ጎሚስታው በለመደው መጠን ቢሞላው ጎማው በጎደለ ንፋስ ይሠራል፣ ይግላል፣ ያለ ዕድሜው ያልቃል። ለቀላል መኪና ባለ 10 ፕላይ መግጠምም ጥቅም የለውም፤ የሚገኘው የወገብ ሕመም ነው።

«18» ማለት 2018 ዓ.ም. አይደለም

በጎማው ጎን «ዶት» ከሚለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በኋላ ያሉት የመጨረሻ አራት አኃዞች የተሠራበትን ጊዜ ይነግራሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያሳያሉ። 1618 ቢል በ2018 16ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

ነገር ግን ይህ 2018 የፈረንጆች ነው። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ማለት ነው። በ2018 ዓ.ም. ጎማ የሚገዛ ሰው «18» የሚለውን አይቶ «የዘንድሮ ነው» ቢለው፣ ስምንት ዓመት ሊሞላው የደረሰ ወይም የሞላው ጎማ በአዲስ ዋጋ ገዛ ማለት ነው። ጥርሱ አላለቀም፤ መንገድም አልነካ ይሆናል። ላስቲኩ ግን አርጅቷል። የሁለቱ ዘመን አቆጣጠር ልዩነት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሲሆን የአንድ ጎማ ሙሉ ዕድሜም ወደዚያው የተጠጋ ነው። ስሕተቱ ከዚህ በላይ ሊገጣጠም አይችልም።

ብዙ መኪና አምራቾች ጎማ 6 ዓመት ሲሞላው እንዲቀየር ይመክራሉ። የታወቁ የጎማ አምራቾች ደግሞ ከ5 ዓመት አገልግሎት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተሠራ 10 ዓመት ከሞላው ግን ጥርስ ቢኖረውም እንዲወገድ ይላሉ። ላስቲክን የሚያስረጁት ሙቀት፣ ኦክስጅን፣ ኦዞንና የፀሐይ ጨረር ናቸው። በከፍታ ቦታ ጨረሩ ስለሚበረታ በአዲስ አበባ ሜዳ ላይ ለሚቆም መኪና፣ በተለይም ከኋላ በር ላይ ተሰቅሎ ፀሐይ ለሚመታው ስኮርታ ጎማ፣ ጥንቃቄው ይጨምራል። በጎኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ የታየበት ጎማ ምስክሩን ራሱ ሰጥቷል።

የማምረቻ ጊዜው የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ በአንዱ ጎን ብቻ ነው። በሱቅ ግድግዳ ላይ የተደገፈ ጎማ ጽሑፉ ወደ ግድግዳው ዞሮ ሊሆን ስለሚችል አዙሮ ማየት ያስፈልጋል። አምስቱንም በየተራ ማየት ደግሞ ይበልጣል፤ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ጎማዎች በተለያየ ዓመት የተሠሩ ሊሆኑ ይችላሉና።

ትልቅ ጎማ በስስ አየር

ከፋብሪካው ልኬት ከፍ ያለ ጎማ መግጠም መኪናውን ግርማ ሞገስ ይሰጠዋል። ሒሳቡ ግን እንደ መልኩ አይደለም። 265/65 አር 17 ጎማ ዲያሜትሩ 776 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 265/70 አር 17 ደግሞ 803 ይሆናል። ልዩነቱ 27 ሚሊ ሜትር ቢሆንም መኪናው ከመሬት የሚነሣው በግማሹ፣ 13 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከአንድ ጣት ውፍረት አይበልጥም።

ለዚህች ጣት የሚከፈለው ብዙ ነው። ጎማው በ3.4 በመቶ ስለተለቀ የፍጥነት ሰሌዳው 100 ሲል መኪናው ከ103 በላይ ይሄዳል፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ከእውነቱ ያነሰ ይመዘግባል። ማርሹ የረዘመ ያህል ስለሚሆን መሬቱን የሚገፋው ኃይል በዚያው መጠን ይቀንሳል። ፍሬኑም የሚያቆመው ተለቅና ከበድ ያለ ጎማ ይሆናል።

ይህ በባሕር ዳርቻ ላለ አገር ቀላል ነገር ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ግን ሞተሩ ቀድሞውኑ ተቀንሶበታል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ ከኃይሉ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። መሀል ከተማ ላይ ሩቡ፣ እንጦጦ ጫፍ ላይ ሲሶው ያህል ጠፍቷል ማለት ነው። ቱርቦ ያለው ናፍጣ ሞተር አብዛኛውን ጉድለት ይሸፍናል፤ የቆየው ባለ ቤንዚን ፒክአፕ ግን አይችልም። በዚህ ላይ ከባድና ትልቅ ጎማ የተጨመረበት መኪና በዳገቱ በአንደኛ ማርሽ ያቃስታል፣ ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል። ሲወርድ ደግሞ ከጫፉ እስከ መሀል ከተማ ከ700 ሜትር በላይ ቁልቁለት በፍሬኑ ላይ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ለደጋ ነዋሪ የመጀመሪያው ምክር የፋብሪካውን ልኬት ይዞ የጎማውን ዓይነት ብቻ መለወጥ ነው።

ሌላው ጥንቃቄ የአራቱ እግሮች እኩልነት ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ ሁለት አዲስና ሁለት ያረጁ ጎማዎች መግጠም የተለመደ ነው። እንደ ፕራዶ አራቱም እግሮች ሁልጊዜ በሚነዱበት መኪና ግን የዲያሜትር ልዩነት መሀለኛውን ዲፈረንሻል ያለ ዕረፍት ያሠራዋል። ከሁለት ጎማ የተቆጠበው ገንዘብ በዲፈረንሻል ጥገና ይወጣል። አምስቱን፣ ስኮርታውን ጨምሮ፣ በአንድ ጊዜ ገዝቶ በየ8,000 እስከ 10,000 ኪሎ ሜትሩ ማፈራረቅ የተሻለ ነው።

ንፋስ

ጥሩ ጎማ በተሳሳተ ንፋስ መጥፎ ጎማ ነው። ትክክለኛው መጠን በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ባለው ሰሌዳ ተጽፏል፤ የሚለካውም ጠዋት፣ መኪናው ሳይሞቅ ነው። የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲለወጥ የጎማው ንፋስ በ1.5 ፒ ኤስ አይ ገደማ ይለወጣል።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። መለኪያው የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። በባሕር ጠለል የአየሩ ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ሲሆን አዲስ አበባ ላይ 76 ገደማ ነው፤ ልዩነቱ ከ3.5 ፒ ኤስ አይ ትንሽ ይበልጣል። እዚህ ተሞልቶ ወደ ጅቡቲ ዳርቻ የሚወርድ ጎማ በዚህ መጠን የጎደለ መስሎ ይታያል፤ የቆላው ሙቀት ደግሞ መልሶ ያሳብጠዋል። ስለዚህ በደረሱበት ቦታ በማግሥቱ ጠዋት እንደገና መለካት ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ እንጦጦ ድረስ ግን ለውጡ 1 ፒ ኤስ አይ ያህል ስለሆነ አያሳስብም።

ለስላሳ አፈር ውስጥ ሲገባ ንፋሱን በሩብ ያህል መቀነስ ጎማው ተንጣሎ መሬት እንዲይዝ ይረዳል። ስለታም ድንጋይ በበዛበት ቦታ ግን ንፋስ የጎደለው ጎማ ጎኑ ወደ ውጭ ስለሚያብጥ ይቆረጣል። ወደ አስፋልት ሲመለሱም መሙላት ግዴታ ነው፤ በጎደለ ንፋስ በፍጥነት የሚነዳ ጎማ ግሎ ይፈነዳል። እንግዲህ የራሱ ኮምፕሬሰርና መለኪያ ያልያዘ ሰው ንፋስ ማጉደል የለበትም።

የኪሎ ሜትር ዋጋ

ርካሽና ውድ የሚለየው በሱቁ ሳይሆን በመንገዱ ነው። ለስሌት ያህል ብቻ የተወሰዱ ቁጥሮች ይህን ያሳያሉ። አንድ ሰው አራት ጎማ በ80,000 ብር ገዝቶ 40,000 ኪሎ ሜትር ቢነዳባቸው አንዱ ኪሎ ሜትር 2 ብር ወጣበት ማለት ነው። ሌላው በ112,000 ብር ገዝቶ 64,000 ኪሎ ሜትር ቢነዳ 1 ብር ከ75 ሳንቲም ይወጣበታል። በሱቅ 40 በመቶ የተወደደው ጎማ በመንገድ ረከሰ። ሦስተኛው የጭቃ ጎማ በ120,000 ብር ገዝቶ በአስፋልት ላይ በ40,000 ኪሎ ሜትር ቢጨርሰው ኪሎ ሜትሩ 3 ብር ይሆናል።

ነዳጁ ደግሞ አለ። በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር የሚጠጣ መኪና በ40,000 ኪሎ ሜትር 4,800 ሊትር ይፈጃል። ሻካራው ጎማ ፍጆታውን በ5 በመቶ ቢጨምር 240 ሊትር ማለት ነው። ይህ ወጪ በጎማው ደረሰኝ ላይ አይጻፍም፤ ከባለ መኪናው ኪስ ግን ይወጣል።

ያገለገለ ጎማ የሚገዛ ሰው ስሌቱ ይበልጥ ይጠበቅበታል። የሚገዛው የቀረውን ጥርስና የቀረውን ዕድሜ ነውና ከሁለቱ ቀድሞ የሚያልቀው ዋጋውን ይወስናል። በጎኑ ላይ የተጠገነ ወይም ጥርሱ እንደገና የተፈለፈለ ጎማ ግን በምንም ዋጋ ለፎር ዊል መኪና አይገዛም።

ጎማ እንደ ምስማር አይከማችም

ብር ሲረክስ ዕቃ የያዘ ነጋዴ ይጠቀማል። በምስማር፣ በቆርቆሮና በብረት ይህ ስሌት ይሠራል። በጎማ ግን በሌላ አቅጣጫ የሚሄድ ሰዓት አለ። መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ ጎማ የምንዛሪ ትርፍ ሲያገኝ ከዕድሜው ላይ ይቆረጥበታል፤ ያም ቁራጭ በጎኑ ላይ ተጽፏል። ገዢው ቁጥሩን ማንበብ እስካልቻለ ድረስ ኪሳራው ለገዢው ይተላለፋል። ማንበብ የጀመረ ዕለት ግን ወደ ባለ መጋዘኑ ይመለሳል።

ስለዚህ አስመጪው ፕሮፎርማ ሲጠይቅ ከልኬትና ከዋጋ ጋር የጭነት ቁጥሩና ከየትኛው ጊዜ በፊት የተሠራ እንደማይቀበል ማስጻፍ ይጠቅመዋል። መጋዘኑ ቀዝቃዛ፣ ጨለማ፣ ከዘይትና ከነዳጅ የራቀ ሊሆን ይገባል፤ ኦዞን የሚያመነጩ የኤሌክትሪክ ሞተሮችና የብየዳ ማሽኖችም ከጎማ አጠገብ አይቀመጡም። ሽያጩም መጀመሪያ በተሠራው መጀመር አለበት፤ መጀመሪያ በገባው አይደለም። ሁለቱ ሁልጊዜ አንድ አይሆኑም።

በጎማ ተራም ሆነ በሌላ ቦታ ለሚያገናኝ ደላላ ደግሞ ሦስት ቁጥሮች ለስሙ ዋስትና ይሆኑታል፤ ልኬቱ፣ የጭነት ቁጥሩና የማምረቻ ሳምንቱ። ሦስቱም በደረሰኙ ላይ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑ ተገልጾ ቢሰፍሩ፣ በኋላ «አዲስ ነው ብለኸኝ ነበር» የሚል ክርክር አይነሣም። ገዢውም ከመክፈሉ በፊት እነዚህኑ ሦስቱን ይጠይቅ፤ ጥርሱን ከዚያ በኋላ ይመልከት።